ከአቅኚው አባት በፊት ማን ነበር?

ባለፈው ፋሲካ ወረታ፣ ቤተሰብ ጋ ስሄድ አንድ ሥራ ይዤ ነበር፦ የዘር ሐረጋችንን መመዝገብ። እንጀራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ በወረቀት አልጀመርኩም። ስም፣ አባት፣ እናት፣ የኖረበት ቦታ የሚሉ አምዶች ያሉት ትንሽ ዳታቤዝ ሠርቼ፣ የስልኬን መቅጃ ከፍቼ አያቴ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

አያቴ መቁጠር አያስቸግራቸውም። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሳይደርስ ሰባት ቤት ቆጥረው ጨረሱ። በአባትም በእናትም ነው የሚቆጥሩት፤ እዚህ ጋ የእህቲቱ ልጆች ወደ ደራ እንደሄዱ፣ እዚያ ጋ ወንድምየው ወደ ሊቦ እንደተሻገረ እየጨመሩ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ አለ።

«ይኸ ነው አቅኚ አባታችን። አገሩን ያቀናው እሱ ነው።»

«ከየት መጣ አባባ?»

«ከላይ፣ ከደጋው።»

«እሱ ከመምጣቱ በፊትስ እዚህ ማን ነበር?»

የሞኝ ጥያቄ የጠየቅኩ ይመስል አዩኝ። «ማንም። ረግረግ ነበር። ጉማሬ ነበር።»

ቀረጻውን አዲስ አበባ ተመልሼ ስሰማው ጆሮዬ «ማንም» የምትለው ቃል ላይ ቀረ። ይህን መልስ ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ አንብቤዋለሁ። አሜሪካኖች ስለ አገራቸው አጀማመር ለረጅም ጊዜ ሲናገሩት የኖሩት ይህንኑ ነው፦ አባቶቻችን ሲመጡ ጫካ ነበር፤ ማንም አልነበረም፤ እኛ አቀናነው።

ስለ አሜሪካ ማንበብ የጀመርኩት በፍቅር አይደለም፤ በንዴት ነው። ኢንተርኔት ላይ የምትውሉ ሁሉ ታውቁታላችሁ። አንዱ ሌላውን «መጤ» ይለዋል፣ ሌላው «ሰፋሪ» ብሎ ይመልሳል፣ ሦስተኛው «እንደ ቀይ ሕንዶቹ ሊያጠፉን ነው» ይላል። ቃላቱ ስክሪን ላይ አይቀሩም። በእነዚህ ቃላት የተነሳ በዚህች አገር ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል፣ ሞቷልም። እኔም ታዲያ አንድ ነገር ለማወቅ ፈለግሁ፦ ማን ቀድሞ፣ ማን ተከትሎ መጣ የሚለውን ነገር ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያጠኑ ሰዎች የሚያውቁትን የሚያውቁት እንዴት ነው? (ከዚህ በታች ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።)

መጀመሪያ ያስገረመኝ የመሬት መዝገብ ነው። እንግሊዞች ቨርጂንያ ውስጥ ጄምስታውን የሰፈሩት በ1607 ነው፤ መጀመሪያ ላይ መቶ ያህል ወንዶችና ልጆች ነበሩ። ከ1618 ጀምሮ ደግሞ አንድ ደንብ ወጣ፦ የራሱንም ሆነ የሌላ ሰው የመርከብ ዋጋ ከፍሎ ሰው ያመጣ፣ በአንድ ሰው 50 ኤከር መሬት ያገኛል፤ ወደ 20 ሄክታር ማለት ነው። መሬት የፈለገ ሁሉ ያመጣቸውን ሰዎች ስም አስመዘገበ። እነዚያ የስም ዝርዝሮች ዛሬም አሉ።

የታሪክ ጸሐፊዎች መዝገቡን ሲያገኙ ደስ አላቸው፤ ማን እንደመጣ፣ ስንት እንደመጡ ይነግረናል አሉ። በኋላ ጠጋ ብለው ሲያዩት ያው ስም ሁለትና ሦስት ጊዜ ይመጣል። አንዱን ሰው የመርከቡ አለቃም፣ ነጋዴውም፣ ጌታውም አስመዝግቦታል፤ ሁሉም መሬት ይፈልጋላ! መዝገቡ ሕዝብ ለመቁጠር አልተሠራም፤ መሬት ለመጠየቅ ነው የተሠራው። በእኔ ሙያ ይህ ስህተት በየሳምንቱ ይፈጸማል። ለክፍያ የተሠራን ሰንጠረዥ ወስደው «ስንት ደንበኛ አለን?» ብለው ይጠይቁታል። ሰንጠረዡም አይዋሽም፣ ቁጥር ይሰጣል፤ የተጠየቀውን ግን አያውቀውም።

ከዚያ ወደ አያቴ ቆጠራ ተመለስኩ። ሰባት ቤት መቁጠር ለምን ተፈለገ? ከዘመድ ጋር ላለመጋባት፣ እሺ። በርስት ዘመን ግን ሌላም ሥራ ነበረው። ርስት በእናትም በአባትም ይወረስ ነበር፤ ከአቅኚው አባት መወለዱን ቆጥሮ ያስረዳ ሁሉ ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል። አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ አጥኚ በ1973 ባሳተመው የጎጃም ዳሞት ጥናቱ ይህን በደንብ አሳይቷል። የዘር ሐረግ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ትዝታ ሳይሆን የሙግት መሣሪያ ነበር። ብልህና ጉልበት ያለው ሰው ብዙ አባት ያስታውሳል፤ ድሃው ይረሳል፣ ወይም እንዲረሳ ይደረጋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር የቆጠራው የፍርድ ቤት ጥቅም አብሮ ቀረ። ቆጠራው ግን በአያቴ አፍ ላይ አለ።

ስለዚህ የአያቴ ሐረግ አቅኚው አባት ላይ የሚቆመው ከዚያ በላይ ማስታወስ ስላቃታቸው ብቻ አይደለም። መሬቱ ከእሱ ስለሚጀምር ነው። ከእሱ በፊት የነበረን ሰው መቁጠር ማለት በሙግቱ ላይ ተቃዋሚ መጥራት ነው። «አቀና» የሚለውን ቃል ራሱን እዩት፦ ቀና አደረገ ማለት ነው። ያልቀና፣ የጎበጠ ነገር ነበር እንደማለት።

የጽሑፍ ማስረጃስ የለንም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለን፤ ያውም ብዙ። በጣና ዙሪያ ያሉ የጥንት አብያተ ክርስቲያናት የወንጌል መጻሕፍታቸው ክፍት ቦታና ኅዳግ ላይ የመሬት ጉዳይ ጽፈዋል፦ ንጉሡ ለዚህ ደብር ይህን ጉልት ሰጠ፣ እገሌ ለእገሌ ሸጠ፣ ምስክሮቹ እነ እገሌ ናቸው። ወንጌል ላይ መጻፉ መሐላ ነው፤ ማንም እንዳይፍቀው። ዶናልድ ክራሚ የሚባል የታሪክ ተመራማሪ እነዚህን ሰነዶች ለብዙ ዓመታት ከባልደረቦቹ ጋር ፎቶ እያነሳ ሰብስቦ በ2000 ስለ መሬትና ማኅበረሰብ ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። የአገራችን ልጅ ሀብታሙ መንግስቴም በምሥራቅ ጎጃም ሰነዶች ላይ ሠርቶ በ2004 አንድ ጥናት አሳትሟል፤ አንዷ ግኝቱ እኔን ወንበሬ ላይ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችኝ። በእነዚያ ሰነዶች ውስጥ «ዜጋ» የሚባለው በጌታ መሬት ላይ ጥገኛ ሆኖ የሚሠራ ሰው ነው። ዛሬ በኩራት «እኔ የዚህች አገር ዜጋ ነኝ» የምንልባት ቃል፣ ያኔ ጌታ ያለው ሰው ስም ነበረች። አሮጌ ሰነድ በዛሬ መዝገበ ቃላት ያነበበ ሰው ባለመብትና ጥገኛን ሊያምታታ ይችላል ማለት ነው።

የኅዳግ ሰነዶቹም ቢሆኑ ከቨርጂንያው መዝገብ ጋር ይመሳሰላሉ። መሬት የተቀበለውን ይጠቅሳሉ፤ መሬቱ ላይ ቀድሞ ያረሰውን ሁልጊዜ አይጠቅሱም።

ሦስተኛው ምንጭ የውጭ ሰዎች ጽሑፍ ነው፤ እዚህ ላይ የእኛ አካባቢ ሀብታም ነው። በ1541 ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ 400 ያህል ነፍጥ የያዙ ፖርቱጋሎች ይዞ ምፅዋ ወረደ። እሱ በማግሥቱ ዓመት ተገደለ። የተረፉት ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው ከጣና ምሥራቅ፣ ወይና ደጋ በተባለ ቦታ የካቲት 1543 በተደረገው ውጊያ ተካፈሉ፤ ኢማም አሕመድም እዚያ ወደቀ። ይህን አንድ ውጊያ ለማወቅ የገላውዴዎስ ዜና መዋዕል አለ፤ ከወታደሮቹ አንዱ የሆነው ሚጌል ደ ካስታኞሶ የጻፈውና በ1564 ሊዝበን የታተመው ትረካም አለ። ግራኝ አብሮ ያዘመተው ጸሐፊ የዐረብ ፈቂህ «ፉቱሕ አል ሐበሻ» ግን ወይና ደጋ ሳይደርስ ይቆማል። ዜና መዋዕሉ ድሉን ለእግዚአብሔርና ለንጉሡ ይሰጣል። ካስታኞሶ ለጓደኞቹ ይሰጣል። የተሸነፈው ወገን ስለ ሽንፈቱ ምን እንዳለ የምንሰማበት መጽሐፍ በእጃችን የለም።

ከተረፉት ፖርቱጋሎች ብዙዎቹ አልተመለሱም። መሬት ተሰጣቸው፣ እዚሁ አገቡ፣ ወለዱ። ኋላ የመጡት ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን የእነዚህን ቤተሰቦች ነገር በደብዳቤዎቻቸው ደጋግመው ያነሳሉ። ከሚስዮናውያኑ ፔድሮ ፓኤዝና ማኖኤል ደ አልሜዳ ስለ ኢትዮጵያ ትላልቅ መጻሕፍት ጻፉ። ጣሊያናዊው ካሚሎ ቤካሪ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የእነሱን ጽሑፍና ደብዳቤ በ15 ቅጽ አሳተመው። መርዕድ ወልደ አረጋይ በ1971 ለንደን ያቀረበውን የዶክትሬት ጥናት ሲሠራ እነዚህን ከግዕዝ ዜና መዋዕሎች ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው ያነበበው። ዘዴው ይኸው ነው፤ ሁለት የማይዋደዱ ምስክሮች ሳይመካከሩ በአንድ ነገር ከተስማሙ ያ ነገር ክብደት አለው።

ምስክር ግን ለራሱም ያደላል። ፓኤዝ በ1618 ግሽ ዓባይን አይቶ ጽፏል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 ከጎንደር ተነስቶ እዚያው ቦታ ሲደርስ «የዓባይን ምንጭ ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ፤ ፓኤዝ አላየውም ብሎም ተከራከረ። ሁለት ፈረንጆች ማን ቀደመ ብለው በመጽሐፍ ሲጣሉ፣ ምንጩ አጠገብ ተወልደው ከምንጩ እየጠጡ ያረጁ አገዎች በክርክሩ ውስጥ የሉም። ኮሎምበስ አሜሪካን አገኘ ሲባል የምንስቀውን ሳቅ እዚህም መሳቅ አለብን።

ጽሑፍ ሲያደላ መሬት ይቆፈራል። የጄምስታውን የመጀመሪያ ምሽግ በወንዝ ተበልቶ ጠፍቷል ተብሎ ይታመን ነበር። በ1994 ዊልያም ኬልሶ የሚባል አርኪዮሎጂስት መቆፈር ጀመረ፤ የበሰበሱት የአጥር እንጨቶች በአፈሩ ላይ ጥቁር ምልክት ትተው አገኛቸው። ምሽጉ ጠፍቶ ሳይሆን ሰው እላዩ ላይ እየተራመደ ነበር ለካ። እኛ ጋም ከ2006 ጀምሮ በቪክቶር ፈርናንዴዝ የሚመራ የስፔን ቡድን በጣና ዙሪያ የሚስዮናውያኑን ፍርስራሾች አጥንቷል፦ ጎርጎራ፣ አዘዞ፣ ደንቀዝ፣ እንፍራንዝ አካባቢ ያለው ደብሳን። ከወረታ ወደ ጎንደር በመኪና የሄደ ሰው እንፍራንዝ ላይ በስተቀኝ ኮረብታው ላይ የጉዛራን ግንብ ያየዋል። ስንቴ አልፌዋለሁ! አንድም ቀን ወርጄ ግን አላውቅም።

ፖርቱጋሎቹስ የት ሄዱ? አፄ ፋሲለደስ ከ1632 በኋላ ሚስዮናውያኑን አባረሩ። በልጃቸው በአፄ ዮሐንስ ዘመን ደግሞ ካቶሊክ ሆነው የቀሩት ከሁለት አንዱን እንዲመርጡ ተደረገ፦ ተዋሕዶ ይሁኑ ወይ ወደ ስናር ይውጡ። የሄዱት ሄዱ። የቀሩትስ? ዛሬ ሜዳው ላይ ቆሞ «እኔ የፖርቱጋል ዘር ነኝ» የሚል ሰው አላጋጠመኝም። የቀሩት እኛን ሆነዋል። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ማኅበረሰብ ሰባት ቤት በሚቆጥሩ ሰዎች መካከል ሰምጦ ሲቀር ማንም ቤት ውስጥ አልተቆጠረም።

እንግዲህ ወደ «ማንም» ልመለስ። የጻፉት ሁሉ ጽፈዋል፤ ያልጻፉትስ?

ጣና ላይ ደንገል አጭደው ታንኳ የሚያስሩ፣ በድሮ ጊዜ ጉማሬ የሚያድኑ ሰዎች አሉ። እኛ ወይጦ እንላቸዋለን፤ እነሱ ራሳቸውን ነገደ ይላሉ። ከሐይቁ ነዋሪዎች ሁሉ ጥንታውያን ከሚባሉት ናቸው። ጉማሬ ስለበሉ ክርስቲያኑ አብሯቸው አልበላም፤ እስልምናን ቢቀበሉም ሌላው ሙስሊም እንደ ራሱ አላያቸውም። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው ይባላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አጥኚዎች ሲጠይቋቸው ግን አማርኛ ነበር የሚናገሩት። ቋንቋው ከየትኛው ወገን እንደነበር የቋንቋ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ አንዱ ኩሽ ነው ይላል፣ ሌላው አይደለም። በ1920ዎቹና 30ዎቹ ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ሐይቁን ዞሮ ስለ እነሱ ጽፏል፤ ይህም ቢሆን የእንግዳ ዓይን ነው።

አሜሪካ ውስጥ ዋምፓኖአግ የሚባል ሕዝብ አለ፤ በ1620 የፕሊመዝ ሰፋሪዎችን የተቀበለው እሱ ነው። ቋንቋው ከመቶ ዓመት በላይ አፍ ላይ ጠፍቶ ኖረ። ነገር ግን አንድ ሚስዮናዊ በ1663 መጽሐፍ ቅዱስን በዚያ ቋንቋ ወገን አሳትሞ ነበር፤ ሕዝቡም በቋንቋው የመሬት ውልና ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ከ1993 ጀምሮ ጄሲ ሊትል ዶ ቤርድ የምትባል የዚያ ሕዝብ ልጅ ከእነዚያ ወረቀቶች ቋንቋውን መልሳ መማርና ማስተማር ያዘች። የነጠቀው እጅ የጻፈው ወረቀት ለመመለሻ ሆነ። ነገደዎች ይህን ዕድል አላገኙም። ማንም በቋንቋቸው ወንጌል አላተመም።

ታዲያ የታሪክ ሰው ምን ያደርጋል? የቀረውን ይይዛል፦ የታንኳ አሠራር፣ የዓሣና የደንገል ስሞች፣ ጎረቤት ስለ እነሱ የሚያወራው ተረት፣ ስድቡም ጭምር። ስድብ ሰውየው እዚያ እንደነበረ ይመሰክራልና። በዚያው ልክ ራሱን ይቆጣጠራል። ለምሳሌ በፎገራ ሜዳ የሚፈሰው ወንዝ ጉማራ ይባላል። ጉማራ፣ ጉማሬ... ወዲያው «አሃ፣ የአዳኞቹ ስም ነው!» ለማለት ምላሴን ያሳክከኛል። የሁለት ቃላት መመሳሰል ግን ማስረጃ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። ልዩነቷን የማያውቅ ሰው ስንት ተረት እንደሚፈጥር ቲክቶክ ላይ አይተናል።

ማስታወስ ምን ያህል ቶሎ እንደሚለወጥ ለማየት ሩዛችንን ማየት ይበቃል። ዛሬ ፎገራ ማለት ሩዝ ነው፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ወረታ ነው ያለው፣ እንጀራችንም ሩዝ ገብቶበታል። የደረሰው ግን በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ከጅግናና ከሻጋ የአምራቾች ማኅበራት ጋር ሞክረውት። ከዚያ በፊት ርብና ጉማራ ሲሞሉ የሚጥለቀለቀው ሜዳ በዋናነት የከብት ግጦሽ ነበር፤ የፎገራ ላም ስሟን ያገኘችው ከዚህ ነው። የአክስቴ ልጆች ግን ሜዳው ከፍጥረቱ ሩዝ ያበቅል የነበረ ይመስላቸዋል። ዊልያም ክሮነን በ1983 ስለ ኒው ኢንግላንድ ያሳየው ይህን መሰል ነገር ነው። ሰፋሪዎች «ድንግል ጫካ» ያሉት መሬት፣ ነባሮቹ ሆን ብለው እያቃጠሉ፣ እየዘሩ፣ እያደኑ ያበጁት ነበር። ሥራውን የማያውቅ ዓይን ሠራተኛውንም አያይም። ለእርሻ ሰው ረግረግ ባዶ ነው። ታንኳ ለሚያስር ሰው ግን ረግረጉ ማሳው ነው፤ ደንገሉም ሰብሉ።

በዳታቤዝ ሥራ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የምንማረው አንድ ነገር አለ። ዜሮና «ያልታወቀ» አንድ አይደሉም። ዜሮ ማለት ቆጥሬ ምንም አላገኘሁም ነው። ያልታወቀ ማለት ማንም አልቆጠረም ነው። ሁለቱን ያምታታ ፕሮግራም አንድ ቀን ይፈርሳል። የአያቴ «ማንም» ዜሮ አይደለም፤ ያልተሞላ ቦታ ነው።

ይህን ስል ግን ቦታውን በሌላ «ባለቤት» ስም ሞልቼ አዲስ ሙግት ልክፈት አይደለም። ከነገደዎቹም መካከል መነሻችን ግብፅ ነው የሚል ትውፊት ይነገራል። ወደኋላ በሄድክ ቁጥር ሌላ መጪ ታገኛለህ። አፄ ሱስንዮስ ተከታዮቻቸው የነበሩ ኦሮሞዎችን ጎጃምና በጌምድር አስፍረዋል፤ የእነሱም ልጆች ልጆች ዛሬ «ከጥንት እዚህ ነን» ቢሉ አልዋሹም። የታሪክ ሰዎች «ማን ቀደመ?» ከሚለው ይልቅ የሚያተኩሩበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሲገናኙ ምን ተደራረጉ? ማን ጻፈው? ማን ተረሳ? ለምን? ሰውን ከቤቱ ለማስወጣት የሚያገለግለው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። እነዚህኞቹ ማንንም አያስወጡም።

ባለፈው እሑድ ወረታ ደወልኩ። የጤናና የዝናብ ወሬ ካለቀ በኋላ ጥያቄዬን ቀየርኩ።

«አባባ፣ በልጅነትዎ ክረምት ሜዳው ሲሞላ በምን ነበር የምትሻገሩት?»

«በታንኳ ነዋ።»

«ታንኳውን ማን ነበር የሚሠራው?»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ?» አልኩ።

«ወይጦዎቹ ናቸዋ» አሉ ቆይተው። «አባቴ እህል እየሰጠ ከእነሱ ነበር የሚያመጣ።» ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ለእሱ አባትም እንዲሁ ነበር ይባላል» ብለው ጨመሩ።

ዳታቤዙን ከፈትኩ። ከአቅኚው አባት በላይ ያለው ቦታ አሁንም ባዶ ነው፤ ስም አላገኘሁም። ጎን ለጎን ግን አንድ አዲስ አምድ ጨመርኩ፦ «ጎረቤት»።